የቀጭኔ መስመር

ጥቅምት 6

ለውድ ወንድሜ ለቀጭኔ፤

እንደምን ከርመሃል? እማዬስ? ባለቤትህስ? ጸጉር አስተካካዩ አማችህስ መቀሱ አልዶለዶመም? እኔ ደህና ነኝ። ብዙ ጊዜ ሳልጽፍ በመክረሜ ይቅርታ። በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ ድምፅ ማጉያው ካልተከፈተ አታወራም፤ እሷ የሰማችውን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ እውነተኛው ወሬ እንደ ድሮው በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ይምጣልህ።

ስለ ትከሻዬ ለጠየቅኸኝ፦ ትከሻዬ ቦታው ላይ ነው። ሁለቱም። ይልቅ ጉድ ልንገርህ ስማኝ!

መኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካው ውስጥ ያለውን የእኛን ቦታ መቼም አትረሳውም፤ ዘጠኝ ዓመት ግንባርህን ያጋጨህበት ነው። ያው እንደምታውቀው ነው። መኪናው ከላይ ተንጠልጥሎ ይመጣል፣ እኛ ከሥሩ ቆመን አንጋጠን የፍሬን ቱቦውን እናስራለን፣ አሥራ አራት ብሎን፣ አራት ደቂቃ፣ ቀጣዩ መጣ። አንተ እንዳትጋጭ ትጎነበስ ነበር፣ እኔ ልድረስ ብዬ በእግሬ ጣት ቆሜ እንጠራራለሁ። አሁን በአንተ ቦታ የመጣው ባልደረባዬም ካንተ ትንሽ ቢያጥር ነው፤ እሱም ይጎነበሳል።

ታዲያ አዲስ ኢንጂነር መጣልን። ጎበዝ፣ ትሑት፣ ወረቀት የሚወድ። «ይህ ቦታ ሰው ይጎዳል» አለና ሜትር ይዞ ሠላሳ አራታችንንም ለካን። ደመረ፣ አካፈለ፣ ለአማካዩ ሰው ልክ የሚሆን የብረት መቆሚያ አስበየደልን። ሰኞ ጠዋት በደስታ ወጣንበት። እኔ አልደረስኩም። ባልደረባዬ ግንባሩን ጓ! አደረገው። ለአንዱ ቱቦው ከራሱ በላይ፣ ለሌላው ከአፍንጫው በታች ሆነበት። ለሠላሳ አራታችን የተሠራ መቆሚያ ለአንዳችንም አልሆነም! ብንፈልግ ብንፈልግ ቁመቱ ልክ አማካዩ የሆነ አንድ ሰው ተገኘ፤ የዕቃ ቤት ኃላፊው። እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚውለው። በሳቅ ሞትን። ኢንጂነሩ ግን አልሳቀም፤ አሳዘነኝ።

ያ ቅጽ ደግሞ መጥቷል፤ የሰው ሥዕል ያለበት፣ «የሚያምዎት ቦታ ላይ ያክብቡ» የሚለው። እንደ ወጉ ሁላችንም ንጹሕ አድርገን መለስን። ውሌ የሚታደሰው ጥር ላይ ነው። ሥዕሉ ላይ ያከበበ ሰው ጥር ላይ የት እንደሚገባ አንተም ታውቃለህ።

እህትህ ድንቢጥ


ጥቅምት 14

ለእህቴ ለድንቢጥ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሁላችንም ደህና ነን፣ እማዬም እንደ ሁልጊዜው ደህና አይደለሁም እያለች ደህና ናት።

«ትከሻዬ ቦታው ላይ ነው» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔም ስለ ወገቤ ሲጠይቁኝ እንዲህ ነበር የምቀልደው። ባለፈው የመጣሽ ጊዜ ጸጉሬን ሥሪልኝ ብለሽ እማዬ እግር ሥር ስትቀመጪ፣ እሷ ልጄ ናፍቄያት ነው ብላ ደስ አላት። እኔ ግን ማበጠሪያውን በግራ እጅሽ ስታቀብያት አይቻለሁ። አንቺ ግራኝ አይደለሽም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ድንቢጥ።

ዘጠኝ ዓመት ዘጠኝ ቅጽ ሞላሁ፣ ዘጠኙንም ንጹሕ አድርጌ። ወገቤን የቆረጠኝ ቀን የፋብሪካው ኃላፊዎች ዘጠኙንም ጠረጴዛ ላይ ደርድረው «አንድም ቀን አሞኛል አላሉም» አሉኝ። ፊርማው የእኔ ነው፣ ምን ልበል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እኔን ነው።

ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽኝ ደግሞ እንዳትደነግጪ፦ አሁን ጸጉር እቆርጣለሁ! ጠረጋና ገንዘብ ተቀባይነት ቀርቶልኛል። አማቼ አስተማረኝ፣ እጄ ጥሩ ሆነ። ወገብህስ ትያለሽ። ወንበሩ አለልኛ! ከሥሩ ፔዳል አለው። አጭር ሰው ሲቀመጥ በእግሬ ረገጥ ረገጥ አደርገዋለሁ፣ ሰውዬው እንደ ንጉሥ ሽቅብ ይወጣል። ረጅም ሲመጣ ፔዳሉን ተጭኜ እይዘዋለሁ፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የሰፈሩ ራስ ሁሉ ደረቴ ትይዩ ይመጣል፣ እኔ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። በቀኑ መጨረሻ ቀጥ ብዬ ወደ ቤት እሄዳለሁ፤ ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም።

ለዚያ ምስኪን ኢንጂነር አንድ ቀን ጸጉሩን ይቆረጥ በይው። አማካይ ራስ የሚባል ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 20

ወንድሜ! ወንድሜ! ወንድሜ!

ሰላምታውን ለሁሉም አድርስልኝ፣ ዛሬ ለሰላምታ ትዕግሥት የለኝም!

ደብዳቤህን ያነበብኩት ምሳ ሰዓት ላይ፣ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ነው። ወንበሩ ጋ ስደርስ ብድግ ብዬ ጮህኩ። «ማን ሞተ?» አሉኝ። «ማንም አልሞተም፣ ወንበሩ! ወንበሩ!» እያልኩ ሳህኔን ጥዬ ወደ ኢንጂነሩ ሮጥኩና እንዲህ አልኩት፦ የመኪናውን ማንጠልጠያ ለረጅሙ ሰው ልክ ከፍ አድርገን እንስቀለው። ረጅሙ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። ሌሎቻችንን ደግሞ ፔዳል ያንሣን፣ እያንዳንዳችንን በልካችን! ጸጉር ቤት ያለ ነገር ፋብሪካ ውስጥ እንዴት ይጠፋል?

 ኢንጂነሩ አብሮኝ መኪናው ሥር ገባ፣ አንጋጦ ቁጥር ሊጽፍ እስክሪብቶውን አወጣ፣ አልጻፈለትም። አራገፈው፣ እንደገና ሞከረ፣ እምቢ። እርሳሴን ሰጠሁት። እዚያ ሥር ሁላችንም ከጆሯችን ላይ እርሳስ የማይጠፋው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ቀለም ሽቅብ አይወጣማ!

መጀመሪያ በመኪና ክሪክ ሞከርነው። መኪና የሚያነሣው እኔን ያቅተዋል? በእጅ አሥራ ሁለት ጊዜ ተነቅንቆ አነሣኝ፣ ሲለቁት ግን እንደ ድንች ጆንያ ዘፍ አደረገኝ። ያንተ ወንበር ግን በእግር ነው፣ ሁለት እጅ ነጻ ነው፣ ሲወርድም ቀስ ብሎ ነው። እሱ ነው የሚሆነው።

ፎርማኑ ጋ ሄድን። ያው የምታውቀው ነው፣ አንገቱ ከትከሻው ጋር የተበየደ የሚመስለው። «ለምን እንሞክራለን? ቅጻችሁ ንጹሕ ነው። የታመመ ሰው የለም» አለ። ሁሉም ወደ መሬት አየ። እኔም አየሁ። ከዚያ፣ ወንድሜ፣ እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም፣ ቅጼን ከክምሩ ውስጥ አውጥቼ ቀኝ ትከሻው ላይ ክብ አደረግሁ።  «ይኸው አንድ ሰው» አልኩት።

ኅዳር 18 አንድ ፈረቃ ተፈቅዶልናል። «የምርት መስመሩ ለአንድ ደቂቃ ከቆመ ጨዋታው አበቃ» ብሏል። ከሠራ ቦታው ሁሉ ይቀየራል። ካልሠራ ግን ክቡ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ጥርም እየመጣ ነው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ፦ የፔዳሉን ነገር ሣልልኝ። ግዢ ክፍል ለመግዛት ሦስት ወር ይፈልጋል፤ በያጁ «ሥዕል ካመጣሽልኝ የሚመስል ነገር እሠራለሁ» ብሎኛል። አደራህን ወንበሩን እንዳትነካ! ከውጭ ብቻ አይተህ ሣል።

ድንቢጥህ


ጥቅምት 28

ለጀግናዋ እህቴ፤

ክብ ማድረግሽን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ደጅ ወጣሁ። እማዬ «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ፣ አቧራ ገባብኝ አልኳት። ኮራሁብሽ። ሌላ ምን እላለሁ።

ወደ ጉዳያችን። ከውጭ ብቻ እይ አልሽ፣ አየሁ። ከውጭ የሚታየው ብረት ነው። ስለዚህ ትንሽ ፈታሁ። ትንሽ ስፈታ ሌላ ትንሽ ተፈታ። ዘይቱ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ አንድ ደንበኛ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ቆሞ ይጠብቃል፣ አማቼ ምላጩን ይዞ በሩ ላይ ደረቀ። የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር ይላሉ፤ እኔ የባሰውን፣ ለሚስቴ ወንድም ነገርኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ ጮኸብኝ። ከዚያ «ልጅቷ እጇን አንሥታ ጸጉሯን ማበጠር አትችልም?» ብሎ ጠየቀኝ። አትችልም አልኩት። ራሱ በጨርቅ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ከተተው።

ሥዕል አይደለም የላክሁልሽ። ፓምፑን ነው፣ ከነፔዳሉ። ካርቶኑ እንዳይገለበጥ ለሹፌሩ አደራ ብያለሁ። በያጁ ደግሞ ወደ ዘይቱ በኩል እሳት እንዳያስጠጋ።

ደንበኞቹ የት ይቀመጣሉ ብለሽ እንዳትጨነቂ። መቀመጫ አለ።

ወንድምሽ


ኅዳር 5

ወንድሜ፤

ደረሰ! አልተገለበጠም! ሹፌሩ መንገዱን ሙሉ እግሩ ሥር አድርጎ እንደ ሕፃን ነው ያመጣው፤ አንተንም አማችህንም ይመርቃል፣ እኔ ደግሞ ሦስታችሁንም።

በያጁ ሰፊ ብረት ከላዩ በየደበት፣ ጎማ አለበሰው፣ እንዳንወድቅ በጎኑ መከለያ አደረገለት። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆምኩበት። አራት ጊዜ ረገጥኩ። ሽቅብ ወጣሁ! የመኪናው ሆድ ፊቴ መጣ፣ ክርኔ ጎኔ ላይ ነው፣ ብሎኑን እንደ መስታወት እያየሁት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሥር ብቻ የማውቀውን ብሎን! ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ ያለ ምክንያት እንባዬ መጣ።

ሌላም አለ። ኢንጂነሩ «ማንጠልጠያውን በማን ቁመት ልስቀለው? እዚህ ከሠሩት ሁሉ ረጅሙ ማን ነበር?» አለ። ሁሉም በጣቱ ወደ ምሰሶው አሳየው። ያ ግንባርህን ስታጋጭ ባልደረቦችህ ለቀልድ በቢጫ ቀለም ያሰመሩልህ መስመር አልጠፋም። ከሥሩ «ቀጭኔ እስከዚህ» ይላል። ኢንጂነሩ ሜትሩን ዘረጋና ለካው። ወንድሜ፣ መኪናው የተሰቀለው በአንተ ቁመት ነው። ፎርማኑ ቆሞ መስመሩን ብዙ አየው።

አሥራ ሦስት ቀን ቀረን። «መቀመጫ አለ» ያልከው ግን ምን ዓይነት ነው? ፔዳል አለው?

ድንቢጥህ


ኅዳር 13

ለድንቢጥ፤

ሰላም ነሽ? መቀመጫው ደህና ነው፣ አራት እግር አለው። ሰሞኑን ግን ትንሽ ዕረፍት ወስጄ ቤት ነኝ፣ እማዬ እየተንከባከበችኝ ነው፣ ወፍሬያለሁ።

ስለ ጽሑፌ ይቅርታ፣ እስክሪብቶ አጥቼ ነው። ስለ ቢጫው መስመር የጻፍሽውን ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ለ18 እንቅልፍሽን ተኚ፣ ጫማሽን አጥብቀሽ እሰሪ፣ ፔዳሉን በተረከዝ ሳይሆን በእግርሽ ፊት እርገጪው።

ወንድምሽ


ኅዳር 15

አንተ ውሸታም!

እስክሪብቶ አጥተህ? ጸጉር ቤቱ ውስጥ በክር የታሰረ እስክሪብቶ አለ፣ ባለፈው በእሱ ነው ሰላምታ የጻፍኩት! ደብዳቤህ በእርሳስ ነው። መስመሩም ወደ ላይ ይንጋደዳል። ለሌላ ሰው ንገር፤ ስድስት ዓመት አንጋጣ ለጻፈች ሴት አይደለም። በእርሳስ የሚጽፍ ሽቅብ የሚጽፍ ሰው ነው። በጀርባህ ተኝተሃል። ወረቀቱን ከፊትህ በላይ ይዘህ ነው የጻፍከው!

አራት እግር ያለው መቀመጫ ማለት ዱካ ነው። ዱካ ላይ የተቀመጠ ሰው ራስ እሆድህ ጋ ነው። ጎንበስ ብለህ ስትቆርጥ ነበር፣ በዚያ ወገብ! ለእኔ ብለህ! በስልክ «ቀርበህ አውራኝ» ስልህ እማዬ «እጁን እየታጠበ ነው» ያለችኝ ለዚህ ነው? እማዬም መዋሸት ጀመረች?

ከነገ ወዲያ በያጁ ፓምፑን ይፈታዋል። ማታ ለሹፌሩ እሰጠዋለሁ። ትከሻዬ ይቅር፣ ጥርም ይምጣ። ያንተን ወገብ ረግጬ ሽቅብ አልወጣም።

እህትህ


ኅዳር 16

ድንቢጥ፤

ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ ስለዚህ አጭር ነው። በእርሳስ ነው፣ አዎ። በጀርባዬ ነው፣ አዎ።

እውነቱ ይኸውልሽ። ሁለት ሳምንት ጎንበስ ብዬ ሠራሁ። አማቼ ተው ብሎኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከእጅ አይሻል ዶማ ብዬ ዱካውን ሳጥን ላይ አወጣሁት፣ አንድ ሽማግሌ ሊወድቁብኝ ነበርና መልሼ አወረድኩት። ባለፈው ሐሙስ አንገት እያስተካከልኩ ሳለ ያ የማውቀው ነገር መጣ። ተሸክመው አስገቡኝ። ሐኪሙ አይቶኛል፣ ተኛ፣ ከዚያ ቀስ እያልክ ተራመድ፣ ይሻልሃል ብሏል። እየተሻለኝም ነው። የዋሸሁሽ አሁን የጻፍሽውን እንዳትጽፊ ነበር።

አሁን ታላቅ ወንድምሽ ሆኜ ልናገር። ፓምፑን ከመለስሽ መልሼ እልከዋለሁ፣ ሹፌሩ እስኪሰለቸው እንመላለሳለን። ወገቤ የተጎዳው ሁለት ሳምንት ዱካ ላይ አይደለም፤ ዘጠኝ ዓመት እዚያ መኪና ሥር ነው፣ ዝም ስላልኩ ነው። አንቺ ዝም አላልሽም። ፓምፑን ከፈታሽው ክቡን እንደገና እንዳጠፋሽው ነው። ከነገ ወዲያ በእኔ ቁመት በተሰቀለ መኪና ሥር ትቆሚያለሽ። እዚያ መቆም እኔም እፈልጋለሁ፤ የምችለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

አትፍችው። እርገጪ።

ወንድምሽ


ኅዳር 19

ወንድሜ፣ የእኔ ጌታ፤

አልፈታሁትም። ረገጥኩ! አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ እማዬንም ጥራት፣ ድምፅ ማጉያ ይሁን፣ ሰፈሩም ይስማ!

ትናንት ጠዋት እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው መኪና መጣ፣ አራት ረገጥኩ፣ ወጣሁ፣ አሥራ አራቱን ብሎን አሰርኩ፣ ወረድኩ፣ ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ፦ ሦስት ደቂቃ ተኩል! እስከ ምሳ ስድሳ መኪና። ስድሳ! አንድ ጊዜ እንኳ በእግሬ ጣት አልቆምኩም። ትከሻዬ አላመመኝም አልልህም፤ ግን አልጨመረም። ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ ገባ። እሱ ፔዳልም አልፈለገ፣ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ግንባሩን በእጁ እየዳሰሰ «ምንም የለም እኮ!» እያለ ይስቃል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስመሩ ቆመ።

ደወሉ ጮኸ፣ መኪናዎቹ በየማንጠልጠያቸው ተወዛወዙ። ኢንጂነሩ ነጣ። ሁላችንም ሮጥን። መቆሚያው እስከ መጨረሻው ሽቅብ ወጥቷል፣ ከላዩ ሁለት እግር ይታያል፣ ራስ የለም። ራሱ መኪናው ውስጥ ነው። «ማውረጃው የት ነው?» ይላል ከውስጥ። ፎርማኑ!

ለካ ቀኑን ሙሉ ሲያየን ውሎ፣ ባልደረባዬ ውሃ ሊጠጣ ዞር ሲል «አንዴ ብቻ» ብሎ ወጥቶበታል። ረገጠ፣ ደስ አለው፣ ረገጠ፣ ረገጠ፣ ማቆሚያውንም አላወቀም። ራሱ መኪናው ውስጥ ሲገባ ያየ ሰው ደወሉን ነክቶ ነበርና መስመሩ ሦስት ደቂቃ ቆመ። ፔዳሉን ተጭኜ ቀስ አድርጌ አወረድኩት። ማንም አልሳቀም። ጨዋታው አበቃ ያለው ራሱ ነውና የሚለውን ጠበቅን።

መዝገቡን ተቀበለ። «የቆመበት ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ አንዲት ቃል ጻፈ፦ «ፎርማኑ»። ፈረመበት። ከዚያ ኢንጂነሩን «አሥራ አንድ እንዲህ ዓይነት እፈልጋለሁ» አለው። ሊሄድ ሲል ተመለሰ፣ ባዶ ቅጽ አንሥቶ ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን ወሰደና ሥዕሉ አንገት ላይ ክብ አደረገ። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ወንድሜ። ያን ጊዜ ሁሉም ቅጽ ቅጽ አለ። ማታ ላይ ክብ ያለባቸው ሠላሳ አንድ ወረቀቶች ነበሩን።

ስለ ጥር ለምትጠይቀኝ፦ ሌሎቹን ቦታዎች የማስተምረው እኔ ነኝ ተብሏል፣ ውሉም ዛሬ ተፈርሟል። ለትከሻዬ ስድስት ሳምንት ቀላል ሥራና እንቅስቃሴ ታዞልኛል፤ ጣቶቼን እንደ ጉንዳን በግድግዳው ላይ ሽቅብ ማስወጣት ነው። ከጠዋቱ ማታ አንድ ጡብ ጨምሬያለሁ።

በያጁ ፓምፑን አጥቦ፣ አዲስ ዘይት ሞልቶ፣ ቀለም ቀብቶ መልሶልሃል። ቢጫ ነው፣ አማችህ እንዳይቆጣ። በካርቶኑ ውስጥ አንድ ወረቀትም አለ። ኢንጂነሩ በሕመም ከዚህ የወጡትንም መመዝገብ እፈልጋለሁ ብሏል። ከፈለግህ ብቻ ነው፣ ግድ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ግድ ነው። ስትነሣ በእስክሪብቶ ጻፍልኝ። እስከዚያ «ተሻለኝ» ብትለኝ አላምንህም።

ድንቢጥህ


ታኅሣሥ 4

ለድንቢጥ፤

መጀመሪያ ቀለሙን እዪ። ሰማያዊ ነው። በክር የታሰረው የጸጉር ቤቱ እስክሪብቶ ነው፣ ክሩ ስለሚያጥር እጄ መደርደሪያው ጋ ተጎትቶ ነው የምጽፈው። ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ። ሁለት ጊዜ ረግጠው ለመደርደሪያው ልክ አደረጉኝ።

ዛሬ ጠዋት ከቤት እስከዚህ በእግሬ መጣሁ። በቀን ሦስት ራስ ብቻ ተፈቅዶልኛል፣ አማቼ ቆሞ ይቆጥራል። ቢጫው ፓምፕ በሰፈሩ ዝነኛ ሆኗል። እማዬ ደብዳቤሽን ለሁሉም አስነብባ ስታበቃ መጥታ ተቀመጠችበት፣ «እስኪ ልጄ የወጣችውን ያህል አውጡኝ» አለች። አራት ጊዜ ረገጥኩላት። እዚያ ላይ ሆና «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለችን፣ አንቺንም እኔንም።  በሚቀጥለው ስትመጪ አንቺው ትመልሻለሽ፤ ማበጠሪያውን በቀኝ እጅሽ ይዘሽ።

ወረቀቱን አየሁት። ሥዕሉ ያው ነው፣ ዘጠኝ ጊዜ ንጹሕ አድርጌ የመለስኩት ያ ሰውዬ፣ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቀው። እርሳሱ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነበር፣ በሱ ልጀምር ብዬ ተውኩት። በላጲስ ይጠፋል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አስገብቼዋለሁ፣ ለኢንጂነሩ ስጪልኝ። ወገቡ ላይ አክብቤያለሁ፣ በሰማያዊው።

ወንድምሽ ቀጭኔ